ለበረኛ የተወረወረች ኳስ ጎል ስትሆን፦ ኮርና፣ ቅጣት ምት ወይስ ጎል?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከሀዋሳ፣ ከአቶቴ አካባቢ ነው። የሰፈር ቡድን አሰለጥናለሁ። በክረምቱ ውድድር ግማሽ ፍፃሜ ላይ አንድ ለአንድ ሆነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ የቀኝ መስመር ተከላካያችን ከራሳችን 16፡50 (ከጎሉ ፊት ካለው የቅጣት ክልል) አጠገብ ያገኘነውን የእጅ ውርወራ ለበረኛችን መለሰለት። ሜዳውን ዝናብ መቶት ስለነበር ኳሷ ነጥራ አመለጠችው። በግራ እጁ ሊያስቀራት ሲል የጣቱን ጫፍ ነክታ ገባች። ዳኛው ጎል አለ። እኛ ‹ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ጎል አይቆጠርም› ብለን በአምበላችን በኩል ክስ አስይዘናል። የተጋጣሚ ደጋፊዎች ደግሞ ‹በእጁ ስለነካ ቢጫም ይገባው ነበር› ይላሉ። አንድ የቀድሞ ተጫዋች ‹ጎልም ኮርናም አይደለም፣ ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው› አለን። በረኛችንን ሰፈር ውስጥ ‹ሸጠን› እያሉት ነው። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ ጎል ነው። በረኛው ኳሷን መንካቱን እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል፤ ከነካት ደግሞ ዳኛው የሰጠው ውሳኔ ከጨዋታው ህግ ጋር ይገጥማል። ካርድ የለም፣ ቅጣት ምትም የለም። ሦስቱም ተከራካሪዎች የያዙት የህግ ክፍል እውነትነት አለው፤ የተሳሳቱት የያዙትን ክፍል ከቀረው አንቀጽ ነጥለው ስላነበቡት ነው።

ከእናንተ ክስ ልጀምር። የጨዋታው ህግ አንቀጽ 15 ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ጎል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ወርዋሪው ወደ ተጋጣሚው ጎል ወርውሮ ማንም ሳይነካት ብትገባ የመልስ ምት ነው፤ በራሱ ጎል ውስጥ ብትገባ ደግሞ ለተጋጣሚው ኮርና ይሰጣል። ይህ የሚሠራው ግን ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መረብ እስክትደርስ ሌላ ተጫዋች ካልነካት ብቻ ነው። ንክኪው በእጅ ይሁን በእግር፣ በደረት ይሁን በጓንት ጫፍ፣ ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብ ልዩነት የለውም። ተጫዋች ነካት ማለት ከዚያ በኋላ እንደማንኛዋም በጨዋታ ላይ እንዳለች ኳስ ትታያለች፤ ከገባች ገባች። ሜዳ ላይ ደጋግሜ የምሰማው «የተጋጣሚ ተጫዋች ካልነካት አይቆጠርም» የሚል ክርክር አለ። ህጉ ግን የየትኛው ቡድን ተጫዋች ብሎ አይለይም፤ የራስ ተከላካይም የራስ በረኛም ንክኪው ንክኪ ነው። ምሰሶና አግዳሚ ግን ተጫዋች አይደሉም። ያቺው ኳስ በረኛውን ሳትነካ ምሰሶውን መታ ብትገባ ኖሮ ኮርና ትሆን ነበር።

መርሁ ለእጅ ውርወራ ብቻ የተደነገገ አይደለም። ቅጣት ምት፣ የመልስ ምት፣ የመሀል ሜዳ ማስጀመሪያ፣ ኮርናም ሳይቀር፣ በመቺው ቡድን መረብ ውስጥ በቀጥታ ቢገባ ለተጋጣሚው ኮርና እንጂ ጎል አይሰጥም። ለአንድ ቡድን የተሰጠ ማስጀመሪያ በቀጥታ በራሱ ላይ ጎል ሆኖ አይመዘገብም። ተከላካይ ቅጣት ምት ወደ ኋላ መልሶ በረኛው ሳይነካት ስታመልጠውና ሜዳው በሙሉ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ፣ ዳኛው ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ካመለከተ ትክክል ነው።

የቀድሞው ተጫዋች የተናገረውም ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በረኛ የቡድን ጓደኛው በእጅ ውርወራ በቀጥታ የላከለትን ኳስ በእጁ መንካት አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ላይ ቡድኖች ኳስ ለበረኛ እየመለሱ ሰዓት መግደላቸው ተመልካቹን አሰልችቶት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በረኛ ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። የእጅ ውርወራው ግን ክፍት ቀዳዳ ሆኖ ቆየ፤ ተከላካይ በእግሩ የተከለከለውን በእጁ እየወረወረ ለበረኛው ያቀብል ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ስለዚህ የእናንተ በረኛ እጁን ሲሰድ ጥፋት ፈጽሟል፤ የጥፋቱም ቅጣት ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ማለትም ኳሷ ሌላ ተጫዋች ሳትነካ ብትገባ ጎል የማይቆጠርበት ምት።

ታዲያ ለምን አልተሰጠም? ጥፋቱ የእናንተ ስለሆነና ጨዋታው በመቀጠሉ የተጠቀመው ተጋጣሚያችሁ ስለሆነ ነው። አድቫንቴጅ የምንለው ይህ ነው። ጥፋት የተፈጸመበት ቡድን ከፊሽካው ይልቅ ከጨዋታው መቀጠል የሚያተርፍ ከሆነ ዳኛው ያስቀጥላል። መረብ ውስጥ የምትገባን ኳስ አስቁሞ ቅጣት ምት የሚሰጥ ዳኛ ያጠፋውን ቡድን ከጎል አተረፈው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወጣት ዳኞችን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። በረኛ በእጁ ሲነካ እንዳያችሁ ፊሽካውን ወደ አፋችሁ አትውሰዱ። ኳሷ የት እንደምትደርስ ለማየት ትንሽ ታገሡ፤ ካልገባች ወዲያው ተመልሳችሁ ቅጣት ምቱን መስጠት ትችላላችሁ። ከመግባቷ በፊት ከነፋችሁ ግን ጨዋታው በፊሽካችሁ ቆሟል። ከዚያ በኋላ መረቡን ብትቀድም እንኳ ጎል መስጠት አትችሉም።

ቢጫ ይገባው ነበር የሚሉት ደጋፊዎች በረኛን ከሜዳ ተጫዋች ጋር ቀላቅለውታል። በረኛ በራሱ 16፡50 ውስጥ ሳይፈቀድለት ኳስ በእጁ ቢነካ ሪጎሬም (ፍፁም ቅጣት ምት) ካርድም የለበትም፤ ያለበት ቀጥታ ያልሆነው ቅጣት ምት ብቻ ነው። ካርድ የሚመጣው በተለየ ሁኔታ ነው፦ በረኛው ራሱ የመልስ ምት ወይም ቅጣት ምት መትቶ፣ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ደግሞ ራሱ ቀድሞ በመንካት ተስፋ የሚጣልበትን ጥቃት ወይም ግልጽ የጎል ዕድል ካጨናገፈ። ከ16፡50 ውጪ በእጁ ከነካ ደግሞ እንደማንኛውም ተጫዋች ይዳኛል። የእናንተ ጉዳይ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም።

አሰልጣኞች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ቀጣዩን ነው፤ ብዙ ቡድን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በረኛው በዚያች ቅጽበት ምን ምን ምርጫ እንደነበረው እንይ። በእግሩ ማቆም ቢችል ችግር የለም፤ በእግር መንካት ጥፋት አይደለም። በእግሩ እንደማይደርስባት ካወቀና ሙሉ በሙሉ ቢተዋት ኮርና ነው። በእጁ ዘሎ አጥርቶ ቢያወጣት፣ ሰው ሁሉ ቢያጨበጭብለትም፣ ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጥበታል። ንክኪው በ5፡50 ክልል (ከጎሉ ፊት ባለው ትንሹ ሳጥን) ውስጥ ከሆነ ኳሷ የምትቀመጠው ለቦታው በሚቀርበው የ5፡50 መስመር ላይ ነው። ከጎሉ አምስት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ተከላካዮች ከኳሷ የሚርቁበት 9.15 ሜትር ቦታ ስለማይኖር ተከላካዮቹ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል በጎል መስመሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ አጥቂው ደግሞ አንድ ጊዜ አስነክቶ ይመታል። እንደ እናንተው በረኛ ዳስሷት ከገባች ደግሞ ጎል ነው። እንግዲህ ያቺን ኳስ በእጅ ማዳን በራሱ ኪሳራ ነበር፤ በጣም የተዋጣለት ማዳን እንኳ ከመተው የከፋ ውጤት ያመጣል።

ይህንን ቁጭ ብለን ስናወራው ቀላል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ጎሉ የምትመጣን ኳስ ሁሉ እንዲያስቆም የሰለጠነ በረኛ ግን እጁ ከሃሳቡ ይቀድማል። «ሸጠን» ማለት ያሳዝናል፣ ከሜዳው እውነትም ይርቃል። እርጥብ ሣር ላይ ነጥራ የፈጠነች ኳስ ያመለጠችው ልጅ ነው፤ እጁን ሲሰድ ያደረገው የለመደውን ነው። አሰልጣኙ እርስዎ ስለሆኑ ይህንን በሰፈሩ ሰው ፊት በአፍዎ ቢናገሩለት ደስ ይለኛል። ህጉን ሳያስተምሩት ሜዳ የላኩት በረኛ ብቻውን የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

በትልቅ ደረጃም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2002 በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በርሚንግሃም ሲቲ አስቶን ቪላን ባስተናገደበት ጨዋታ የቪላው ተከላካይ ኦሎፍ ሜልበርግ ለበረኛው ፒተር ኤንከልማን የእጅ ውርወራ መለሰለት። ኤንከልማን በእግሩ ሊያቆማት ሲል ከጫማው ሥር ሾልካ ገባች። ዋና ዳኛው ዴቪድ ኤለሬይ በጫማው ነክቷታል ብሎ ጎል ሰጠ፤ በረኛው አልነካሁም ብሎ ተሟገተ። ጨዋታው በበርሚንግሃም 3 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ። ማንም ሰው በህጉ ላይ አልተከራከረም፤ ክርክሩ ነካት ወይስ አልነካትም የሚል ብቻ ነበር። ያች ኳስ እግሩን ስትነካ አላየሁም የሚል ዳኛ ቢኖር ኖሮ ኮርና ይሰጥ ነበር፣ እሱም ትክክል ይሆን ነበር።

የእናንተ ክስ የሚወድቀው በዚሁ ነው። በጨዋታ ላይ የተከሰተን ነገር፣ ጎል መግባቱን ጨምሮ፣ የሚወስነው ዳኛው ነው፤ ያየው ነገር ላይ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። የቴክኒክ ክስ የሚያዋጣው ዳኛው ያየውን ሳይሆን ህጉን ሲስት ነው። ልዩነቱን ላሳይዎ። ዳኛው «በረኛው ነክቷታል፣ ስለዚህ ጎል ነው» ካለ የተሳሳተ ቢመስላችሁ እንኳ በክስ የሚነሳ ነገር የለም። «ነካትም አልነካትም መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው» ብሎ ቢሆን ግን የህግ ስህተት ነው፤ የውድድሩ ደንብ ስለቴክኒክ ክስ ያስቀመጠውን ይዛችሁ ኮሚቴው ፊት መቅረብ ትችሉ ነበር። እርስዎ እንደነገሩኝ ንክኪው ነበረ፣ ዳኛውም አይቷል። በደጋፊ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም ይህንን አይለውጥም። የቪዲዮ ዳኛ በሌለበት ውድድር ዳኛው ከሜዳው ዳር የስልክ ምስል አይቶ ውሳኔውን መቀየር አይፈቀድለትም፤ ጨዋታው ከመሀል ሜዳ ከተጀመረ በኋላማ የራሱን ውሳኔ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተካክልም።

ጎሉን ሊያሰርዝ ይችል የነበረ አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ማንም አላነሳም፦ ውርወራው ራሱ። ወርዋሪው ሁለት እጁን ካልተጠቀመ፣ ኳሷን ከጭንቅላቱ ጀርባ አንስቶ በጭንቅላቱ ላይ ካላሳለፈ፣ ወይም ሲለቃት አንዱ እግሩ ከመስመሩ አልፎ ሙሉ በሙሉ ሜዳ ውስጥ ከነበረ ውርወራው ለተጋጣሚው ይሰጣል። ዳኛው ያንን ያየው እንደሆነ በዚያው ሰዓት ማስቆም ነበረበት። ከቀናት በኋላ «ለካስ እግሩ አልፎ ነበር» ማለት ግን ዋጋ የለውም።

አንድ የቆየ እምነትም እግረ መንገዴን ላርም። «ዳኛ እንደ ምሰሶ ነው፣ ቢነካው ጨዋታው ይቀጥላል» የሚባለው ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ እንዳለ አይሠራም። ኳስ ዳኛውን ነክታ በቀጥታ ጎል ውስጥ ከገባች፣ ወይም ሜዳ ውስጥ ቀርታ ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን ካለፈ፣ ወይም አንዱ ቡድን ተስፋ የሚጣልበት ጥቃት ከጀመረ፣ ዳኛው አስቁሞ ኳሷን መሬት በመጣል ያስጀምራል። የእናንተ ውርወራ በረኛውን ሳይሆን ዳኛውን ነክታ ብትገባ ኖሮ ጎልም ኮርናም አይሆንም ነበር፤ በ16፡50 ውስጥ ስለሆነ ኳሷ ለበረኛችሁ ትጣልለት ነበር።

የሀዋሳ የሰፈር ሜዳዎች አጥር የላቸውምና የውጭ አካል ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ይቆማል፣ ልጆች መረቡን ይዘው ያያሉ፣ ውሻ ያቋርጣል፣ ወደ ሐይቁ በሚቀርቡት ሜዳዎች አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ሲያርፍ ይታያል። ወደ ባዶ ጎል የምትንከባለልን ኳስ ከጎል ጀርባ የቆመ ልጅ ዘልሎ ቢያወጣት ጎል አይሰጥም፤ መስመሩን ያላለፈችን ኳስ «ትገባ ነበር» ብሎ መቁጠር አይቻልምና። አጥቂዎቹን ይበልጥ የሚያበሳጨው ደግሞ ጨዋታው የሚጀመረው ኳሷ ለተከላካዩ ቡድን በረኛ ተጥላለት መሆኑ ነው። ውሻው ወይም ወፏ ነክታት ግን አሁንም ከገባችና ጣልቃ ገብነቱ ተከላካይን ኳሷን ከመጫወት ካላገደ፣ ጎሉ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰንደርላንድ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ዳረን ቤንት የመታት ኳስ ሜዳ ውስጥ የተጣለች የባህር ዳርቻ መጫወቻ ኳስ መትታ አቅጣጫዋን ስታ በረኛውን ፔፔ ሬይናን አለፈችው። ያ ጎል መቆጠር አልነበረበትም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የደረሰ ነገር አጥር በሌለው ሜዳ አይደርስም ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ አዘጋጆች ከጎሎቹ ጀርባ ገመድ ይወጥሩ፣ ወይም ቢያንስ በኖራ መስመር አስምረው ሰው እንዳያልፍ የሚጠብቅ ያቁሙ። የመረቡንም ቀዳዳ ዳኛው ጨዋታው ሳይጀመር በእጁ እየነካ ይፈትሽ።

ለዳኞች የምመክረው አቋቋምን የሚመለከት ነው። ተከላካይ ቡድን በራሱ 16፡50 አጠገብ የእጅ ውርወራ ሲያገኝ ብዙ ዳኛ ረጅም ኳስ ይጠብቅና ፊቱን ወደ መሀል ሜዳ አዙሮ ይሮጣል። ወርዋሪው ወደ ኋላ ሲመልሳት ዳኛው የሚያየው የበረኛውን ጀርባ ወይም የሰው ጥርቅም ነው፣ የጣት ጫፍ ንክኪን ከዚያ ማየት አይታሰብም። ወርዋሪውንም በረኛውንም በአንድ እይታ የሚያስገኝ ጎን ላይ ቁሙ፤ ኳሷ ወደፊት ብትላክ የምታጡት ጥቂት እርምጃ ነው። ንክኪ የሚታወቀው በኳሷ ላይ ነው፤ ሽክርክሪቷ ይቀየራል ወይም መስመሯን ትስታለች። በረኛው ራሱን ይዞ መሬት ላይ መደፋቱ ማስረጃ አይደለም፣ ሳይነካትም ይደፋል። የሰፈር ውድድር ላይ መስመር ዳኞቹ ከቡድኖቹ የተውጣጡ ከሆኑ ከጨዋታው በፊት ኳስ መውጣቷን ብቻ እንዲያሳዩ ንገሯቸው፤ ንክኪ ነበረ አልነበረም የሚለውን ለእነሱ አትተዉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ንክኪ አልነበረም ብላችሁ ኮርና ስጡ። ያላያችሁትን ንክኪ ገምታችሁ ጎል አትስጡ።

ለእርስዎ ያለኝ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ክሱን ዛሬውኑ ያንሱ። አያሸንፍም፣ ኮሚቴውንም ዳኛውንም ከንቱ ያደክማል፣ በረኛውንም በሰፈሩ አፍ ውስጥ ያቆየዋል። በሚቀጥለው ልምምድ ደግሞ ይህንኑ ኳስ ደጋግመው ያሠሯቸው። ወርዋሪው ለበረኛ ሲመልስ ከምሰሶው ውጪ ያነጣጥር፣ ስታመልጥ ወደ ጎል ሳይሆን ወደ ጎን እንድትወጣ። በረኛው በእግሩ እንደሚደርስባት እርግጠኛ ካልሆነ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያድርግ። የቅርቡ ተከላካይ «ተዋት!» ብሎ ይጩህለት፤ ከዚያ ሁሉም ኮርናውን ለመከላከል ቦታ ቦታቸውን ይያዙ።